ዲስኩ የሞላ ጠዋት

አንድ እሑድ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በስልክ አወራለሁ። «በቃ ኮንቴይነሩን አስነሳው፣ ምን ትጠብቃለህ!» እለዋለሁ። ስልኩን ስዘጋ እናቴ የቡናውን ሲኒ ይዛ አፍጥጣ እያየችኝ ነው።

«የማንን ኮንቴይነር ነው የምታስነሱት? ሰው ልጆቹን የሚያሳድግበትን!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ የታያት መንገድ ዳር ያለው የብረት ሱቅ ነው፤ ጫማ የሚጠገንበት፣ ካርድ የሚሸጥበት። ለነገሩ ከመንገዱ ብዙም አልራቀችም። እኛ ኮንቴይነር የምናስነሳበት ሶፍትዌር፣ ዶከር፣ ስሙንም ዓርማውንም ያገኘው ከወደብ ነው። ዓርማው ጀርባዋ ላይ ኮንቴይነር የደረደረች ዓሣ ነባሪ ናት። የወደብ ክሬን ሳጥኑ ውስጥ ቡና ይኑር ቴሌቪዥን ግድ አይሰጠውም፤ የሳጥኑ መጠን አንድ ዓይነት ስለሆነ ያነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሰለሞን ሃይክስ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ዶከርን ለሕዝብ ሲያሳይ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ ከዚያ የትም ማስነሳት።

እኔ ዶከርን በየቀኑ መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ልዘርዝርላችሁ አይደለም። ጣቴ ራሱ የሚጽፋቸውን ትዕዛዞችና የተቃጠልኩባቸውን ቦታዎች ነው የምነግራችሁ። ትዕዛዞቹን ቢሮ ውስጥ አፋችን ላይ እንዳሉት እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ይጻፋሉ። «ዳሽ» ስል አጭሯ ሰረዝ ናት። «ዳሽ ዳሽ» ስል ሁለት ሰረዝ ተከታትሎ።

መጀመሪያ ላይ ያምታታኝ የኢሜጅና የኮንቴይነር ልዩነት ነው። የገባኝ ሰፈር ውስጥ ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች አጠገብ ቆሜ ሳይ ነው። ብሎኬቱ የሚወጣበት ቅርጽ አንድ ነው። አሸዋና ሲሚንቶው ይገባል፣ ይጠቀጠቃል፣ ብሎኬት ይወጣል። ኢሜጅ ቅርጹ ነው። ኮንቴይነር ብሎኬቱ ነው። አንዱ ብሎኬት ላይ በሚስማር ስማችሁን ብትጭሩ ቀጣዩ ብሎኬት ላይ አይወጣም።

ይህን ሰምቼ እሺ ካልኩ በኋላም አልቀረልኝም። አንድ ቀን የደንበኛ ሥራ አስቸኮለኝና በቀጥታ ወደሚሠራው ኮንቴይነር ገባሁ። መግቢያው «ዶከር ኤግዜክ ዳሽ አይቲ»፣ የኮንቴይነሩ ስም፣ ከዚያ «ባሽ» ነው። አልፓይን በሚባለው ትንሽ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ኢሜጅ ከሆነ ባሽ የለውምና «ኤስኤች» በሉ። ገብቼ የቅንብር ፋይሉን ቪአይ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ አስተካከልኩት። ሠራ። ለአለቃዬ «ተስተካክሏል» አልኩት። ሦስት ሳምንት ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አዲስ ኢሜጅ አውጥተን ኮንቴይነሩን ስንተካው ያው ችግር ተመልሶ መጣ። ፋይሉ የት ሄደ? ከአሮጌው ብሎኬት ጋር ተጥሏል። ምን እንደቀየርኩ እንኳ አላስታውስም ነበር። ዛሬ «ኤግዜክ» የምጠቀመው ለማየት ብቻ ነው። ማስተካከያው ዶከርፋይሉ (የኢሜጁ አሠራር የሚጻፍበት) ላይ ወይም ኮምፖዝ ፋይሉ (ኮንቴይነሮቹ አብረው እንዴት እንደሚነሱ የሚጻፍበት) ላይ ካልሆነ እንዳልተሠራ እቆጥረዋለሁ።

ጠዋት ሰርቨር ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዋ ትዕዛዝ «ዶከር ፒኤስ» ናት። እየሠሩ ያሉትን ታሳያለች። «ዳሽ ኤ» ከጨመራችሁበት የቆሙትንም ታወጣለች። ጀማሪ ሰው «ኮንቴይነሬ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ዳሽ ኤ ረስቶ ነው፤ ኮንቴይነሩ ቆሞ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። ከዝርዝሩ ውስጥ ዓይኔ የሚያርፈው የሁኔታው አምድ ላይ ነው። ከ3 ሳምንት ጀምሮ እየሠራሁ ነው የሚለውን አልፈዋለሁ። «ሪስታርቲንግ» የሚል ካየሁ ግን ሻዩን አስቀምጣለሁ። ይህ ማለት እየሞተ እየተነሳ፣ እየተነሳ እየሞተ ነው።

ስም ስጡ ደግሞ። «ዳሽ ዳሽ ኔም» ካላላችሁ ዶከር ራሱ አንድ ቅጽልና የአንድ ታዋቂ ሳይንቲስት ስም አገጣጥሞ ያወጣላችኋል። ኮዱን የጻፉት ሰዎች አንድ ጥምረት ብቻ ከልክለዋል፦ «ቦሪንግ ዎዝኒያክ»። ስቲቭ ዎዝኒያክ አሰልቺ ሰው አይደለም ብለው። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ከአሥር እንግዳ ስም ውስጥ የክፍያውን አገልግሎት መፈለግ ደስ አይልም።

ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ለማየት «ዶከር ሎግስ» ከነስሙ። ሙሉውን ከጠራችሁት ተርሚናሉ እንደ ጎርፍ ይወርድባችኋል። «ዳሽ ዳሽ ቴል 100» የመጨረሻዎቹን 100 መስመር ብቻ ያመጣል። «ዳሽ ኤፍ» እየተከታተለ ያሳያል። «ዳሽ ዳሽ ሲንስ 30ኤም» የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ብቻ የተዘጋጀች ወጥመድ አለች፤ ሰዓት።

አንድ ደንበኛ ደውሎ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ አይሠራም» አለኝ። ሎጉ ላይ 2፡15ን ፈለግሁ፤ ጸጥታ ነው። አዎ፣ የእኛ 2 ሰዓት በፈረንጁ 8 ነው ብዬ 8፡15ን አየሁ። እዚያም ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል «ሰውየው ተሳስቶ ይሆናል» እያልኩ ቆየሁ። ኮንቴይነሩ ግን የሚኖረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ካልነገራችሁት በስተቀር የአዲስ አበባን ሰዓት አያውቅም፣ እኛ ደግሞ ከእሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስህተቱ 5፡15 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሌቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ደንበኛው የቀን ሰዓት ከነገራችሁ 3 ደምሩ። የማታ ወይም የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፣ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ። «ዶከር ሎግስ ዳሽ ቲ» እያንዳንዱ መስመር ፊት ላይ የሚያወጣውም ሰዓት በዚሁ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደዚያ ጠዋት።

ሰኞ ነው። ቢሮ ሳልደርስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሲስተሙ ማንንም አያስገባም። ደርሼ ስገባ ሎጉ ላይ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ይላል። «ዲኤፍ ዳሽ ኤች» አልኩ። 80 ጊጋ የሚይዘው ዲስክ 100 በመቶ ሞልቷል። ዳታቤዙ መጻፍ አልቻለምና ቆሟል።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ መጀመሪያ የምትጠራው ትዕዛዝ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ናት። አራት መስመር ታወጣለች፦ ኢሜጅ፣ ኮንቴይነር፣ ቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቀረው ዳታ የሚቀመጥበት)፣ የቢልድ ካሽ (ኢሜጅ ሲሠራ ለቀጣዩ ጊዜ የሚቀመጠው)። ከጎናቸው ስንቱን ማስመለስ እንደሚቻል ይነበባል። ኢሜጆቹ 22 ጊጋ ይዘዋል፤ 17ቱ ማንም የማይጠቀምባቸው። የቢልድ ካሹ 9 ጊጋ። ቮልዩሞቹ 6። ኮንቴይነሮቹ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ። ደምሩት፤ 37 ገደማ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብጨምርበት እንኳ 80 አይደርስም። ሠላሳ ጊጋ የሚሆን ነገር የት ገባ?

መጀመሪያ የሚታየውን ላጽዳ አልኩ። «ዶከር ቢልደር ፕሩን» ካሹን ጠረገው። ይህኛው ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ ቀጣዩ ቢልድ ይዘገያል። «ዶከር ኢሜጅ ፕሩን» ደግሞ ስም አልባ የሆኑትን ኢሜጆች ብቻ ነው የሚያነሳው፤ አዲስ ቢልድ በተሠራ ቁጥር ስሙን ለአዲሱ አስረክቦ የሚቀረውን። «ዳሽ ኤ» ካከላችሁበት ግን ኮንቴይነር ያልያዘውን ኢሜጅ ሁሉ ይወስዳል።

«ዶከር ሲስተም ፕሩን ዳሽ ኤ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኢንተርኔት ላይ ዲስክ ሞላብኝ ለሚል ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። መጀመሪያ የቆሙትን ኮንቴይነሮች ያጠፋል። ከዚያ ኢሜጆቻቸው ባለቤት ስለሌላቸው እነሱንም ያጠፋል። እኛ ዘንድ በወር አንዴ ብቻ የሚነሳ የሪፖርት ኮንቴይነር አለ፤ ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ በዚህ ትዕዛዝ ከነኢሜጁ ጠርጌው፣ 1.4 ጊጋውን ደካማ ኢንተርኔት ላይ እንደገና ሳወርድ ከሰዓቴ አለቀ። ስለዚህ ከፕሩን በፊት «ፒኤስ ዳሽ ኤ»። ሁልጊዜ።

የጎደለውን 31 ጊጋ ያገኘሁት ዶከር ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ገብቼ ነው፤ ቫር፣ ሊብ፣ ዶከር፣ ኮንቴይነርስ። እዚያ «ዲዩ» አድርጌ ሳይ አንድ የሎግ ፋይል ብቻውን 31 ጊጋ ሆኖ ተንሰራፍቷል። «ሲስተም ዲኤፍ» የኮንቴይነር ሎግን አይቆጥርም። ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ዶከር ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር ሎግ ይጽፋል እንጂ አሮጌውን አይጥልም። ጥፋቱ የማን ነበር? የእኔው። ከወራት በፊት አንድ ስህተት ስከታተል የዲበግ ሎግ (እያንዳንዷን ዝርዝር የሚጽፈውን) ከፍቼ ሳልዘጋው ሄጃለሁ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፋይሉን «አርኤም» ብትሉት ከዓይን ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም፤ ዶከር ከፍቶ ስለያዘው ዲስኩ እንደሞላ ይቀጥላል። እኔ የተጠቀምኩት «ትረንኬት ዳሽ ኤስ 0» ነው፤ ፋይሉን በቦታው ትቶ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። በአንድ ሰከንድ 31 ጊጋ ተመለሰ። ዳታቤዙ ተነሳ። እኔም ቁርሴን በላሁ።

እንዳይደገም የዶከር ዴሞን (ከጀርባ ሆኖ ሁሉንም የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቅንብር ፋይል ላይ የአንድ ሎግ ፋይል መጠን 10 ሜጋባይት፣ ብዛቱ 3 እንዲሆን ወሰንኩ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቅንብሩ እንዲገባው ዶከርን ሪስታርት ማድረግ አለባችሁ፤ ይህ ኮንቴይነሮቹን ስለሚያቆም ሰው በሌለበት ሰዓት ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱ ገደብ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ነው። የነበሩትን አጥፍታችሁ እንደገና ካልፈጠራችኋቸው እንደ ድሮው ይቀጥላሉ። ይህቺን ሁለተኛዋን አላወቅኩም ነበርና ከሁለት ወር በኋላ ዲስኩ ድጋሚ ሊሞላ ሲል ደረስኩበት።

ስለ ማጥፋት ካነሳን ትልቁን በደሌን ልናዘዝ።

ፕሮጀክታችንን የምናስነሳው በኮምፖዝ ነው። «ዶከር ኮምፖዝ አፕ ዳሽ ዲ» ሁሉንም ያስነሳል፤ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ሁሉንም ያወርዳል። አሮጌ ጽሑፍ ላይ በመሐሉ ሰረዝ ያለበትን ካያችሁ ያ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ድጋፉ ተቋርጧል፣ አሁን በክፍተት ነው የሚጻፈው። እኔ ላፕቶፔ ላይ ስሠራ «ዳውን ዳሽ ቪ» የማለት ልማድ ነበረኝ። ዳሽ ቪ ፋይሉ ላይ የተጠቀሱትን ቮልዩሞች አብሮ ያጠፋል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ምቹ ነው፤ የሙከራ ዳታው ይጠፋል፣ ከንጹሕ ይጀመራል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍቼ ነበር። አንዱ ላፕቶፔ፣ አንዱ ሰርቨሩ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ጣቴ በልማድ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን ዳሽ ቪ» ጻፈና ኢንተር መታ። ዶከር እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ «ሪሙቭድ» አሉ። መጨረሻ ላይ «ቮልዩም» የሚል መስመር ወጣና እሱም «ሪሙቭድ» አለ። ያኔ ነው ተርሚናሉ ላይ ያለውን የማሽኑን ስም ያየሁት። ሰርቨሩ ነው። እጄ ቀዘቀዘ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ።

የቅርቡ ባክአፕ 11 ቀን ያለፈው ነበር። ቀሪውን ሒሳብ ክፍል ያለች እህታችን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብላ፣ እኔም አጠገቧ እያነበብኩላት መለስነው። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ቀየርኩ። የሰርቨሩ ተርሚናል ጀርባው ቀይ ነው፤ ዓይን ሳይፈልግ ያየዋል። የዳታቤዙን ቮልዩም ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ «ኤክስተርናል» ብዬ አስመዘገብኩት፤ እንዲህ ሲሆን ኮምፖዝ የእኔ አይደለም ብሎ ስለሚተወው ዳሽ ቪ አይነካውም። ሦስተኛ፣ በየሌሊቱ «ዶከር ኤግዜክ» ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ «ፒጂ ደምፕ» (የዳታቤዛችን፣ የፖስትግሬስ፣ ቅጂ ማውጫ) እንዲያደርግና ፋይሉን ሌላ ማሽን ላይ እንዲያስቀምጥ በክሮን፣ ማለትም ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው፣ አዘዝኩት። ክሮን ውስጥ ስትጽፉት «ዳሽ አይቲ» አትጨምሩ፤ ከጀርባው ሰው ስለሌለ ተርሚናል አጣሁ ብሎ ይወድቃል።

ፖስትግሬስን ካነሳሁ አይቀር፣ «ሌተስት» የሚለውን ታግ (ከኢሜጁ ስም ጎን የሚጻፈውን የስሪት መለያ) አትመኑት። የቅርብ ጊዜው ማለት ይመስላል። እውነቱ ግን ታግ ሳትጽፉ ስትቀሩ የሚገባ ስም ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። እኛ ፖስትግሬስን ያለ ቁጥር ጽፈን ነበር። አንድ ቀን «ፑል» ስናደርግ፣ ማለትም ኢሜጁን ስናወርድ፣ 15 የነበረው 16 ሆኖ መጣና የድሮውን የዳታ ፎልደር አልቀበልም አለ። ዳታው አልተነካም፤ ግን ያ ስህተት ሲወጣ ፊቴ ምን እንደመሰለ ባልደረቦቼ እስከዛሬ ያስመስሉኛል። 15 ብለን ጻፍን፣ ተነሳ።

አሁን ወደ ሞት ምክንያት ልምጣ። ኮንቴይነር ሲሞት ቁጥር ትቶ ይሄዳል። «ፒኤስ ዳሽ ኤ» ላይ በቅንፍ ታዩታላችሁ። 0 ከሆነ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ነው የወጣው። 127 የተባለው ትዕዛዝ አልተገኘም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ነው። 137 ግን ተገድሎ ነው፤ 128 ላይ ሲግኪል የሚባለው ምልክት ቁጥር 9 ሲደመር። የእኛ የሪፖርት ኮንቴይነር በየወሩ መጨረሻ በ137 ይሞት ነበር። ኮዱን ሦስት ቀን አገላበጥነው። መልሱ «ዶከር ኢንስፔክት» ውስጥ ነበር፤ «ኦኦኤም ኪልድ» የሚለው «ትሩ» ይላል። ሚሞሪ አልቆበት ነው። «ዶከር ስታትስ» ከፍተን ሪፖርቱን እንደገና ስናስጀምረው የሚሞሪው ቁጥር ዓይናችን እያየ ወጣ፣ ወጣና ጣሪያውን ነካ። የወሩን ሽያጭ በሙሉ አንድ ጊዜ ሚሞሪ ውስጥ እየጫነው ነበር።

«ዶከር ስቶፕ» ስትሉ በየጊዜው 10 ሰከንድ የሚያስጠብቃችሁ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራማችሁ ቁም የሚለውን እየሰማ አይደለም። ዶከር መጀመሪያ በትሕትና ይጠይቃል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገድላል። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ዶከርፋይሉ ላይ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ያለ ካሬ ቅንፍ መጻፋችን ነበር። እንደዚያ ሲጻፍ መሐል ላይ ሼል (እንደ ባሽ ያለ ትዕዛዝ ተቀባይ) ይገባና ምልክቱን ለፕሮግራሙ አያቀብልም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንቴይነሮቹ በራሳቸው እንዲነሱ «ሪስታርት» የሚለውን «አንለስ ስቶፕድ» አድርጉት። «ኦልዌይስ» ከሚለው የሚለየው፣ እናንተ በእጃችሁ ያቆማችሁትን ማሽኑ ሲነሳ አያስነሳም። እየሠራ ላለ ኮንቴይነር «ዶከር አፕዴት» በሚለው መቀየር ይቻላል፤ ማቆም አያስፈልግም።

ስለ ፖርት፣ ማለትም ከውጪ ወደ ፕሮግራሙ ስለሚያስገባው ባለቁጥር በር፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቃት። «ዳሽ ፒ 5432፡5432» ብላችሁ ዳታቤዝ ካስነሳችሁ፣ ኡቡንቱ ላይ በዩኤፍደብሊው ፋየርዎል ዘግቼዋለሁ ብላችሁ አትተኙ። ዶከር የራሱን ሕግ ከሥር ያስገባል፤ ዩኤፍደብሊው ተዘግቷል እያለ ፖርቱ ለዓለም ክፍት ሊሆን ይችላል። ፊቱ ላይ 127.0.0.1 ጨምሩበት፤ ከማሽኑ ውጪ ማንም አያገኘውም። እንዲያውም ዳታቤዙን የሚፈልጉት እዚያው ኮምፖዝ ውስጥ ያሉ ኮንቴይነሮች ብቻ ከሆኑ ፖርት መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም፤ በስማቸው ይጠራራሉ።

የመጨረሻው ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ አንድ ደንበኛ አለን። ሰርቨራቸው ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ እንዲገናኝም አይፈልጉም። ስለዚህ ኢሜጁን በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። «ዶከር ሴቭ ዳሽ ኦ» ከነፋይል ስሙና ከኢሜጁ ስም ጋር አንድ ፋይል ያወጣል፤ እዚያ ደርሶ «ዶከር ሎድ ዳሽ አይ»። «ኤክስፖርት» ከሚለው ጋር አታምታቱት። እሱ የኮንቴይነሩን ፋይሎች ብቻ ጠፍጥፎ ያወጣል፤ ሲነሳ ምን ማስኬድ እንዳለበት የሚናገረው መረጃ ይቀራል።

ሦስት ኢሜጅ በአንድ ፋይል አወጣሁ። 5.2 ጊጋ ሆነ። ፍላሹ 64 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን ቦታ የለም ይለኛል። ፋት32 ሆኖ ነበር የተፎረመተው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በፓይፕ ወደ ፋይል ማመቂያው «ጂዚፕ» ሳሳልፈው 1.9 ጊጋ ሆነና ገባ። «ሎድ» የታመቀውን እንዳለ ይቀበላል፣ መፍታት አያስፈልግም። በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ 130 ኪሎ ሜትሩን ሄድኩ። ብርዱን ስለምታውቁት አልነግራችሁም።

ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። «ሎድ» በሰላም አለቀ። «ኮምፖዝ አፕ» አልኩ። ሦስቱም «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብለው ወደቁ። ከጎኔ የቆመው የአይቲ ልጅ «ጋሼ፣ ፍላሹ ይሆን እንዴ የተበላሸው?» አለኝ። ፍላሹ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። የዚያን ሰሞን ቢሮው አዲስ ላፕቶፕ ሰጥቶኝ ነበር፤ አፕል ራሱ የሚሠራው ቺፕ ያለው። እዚያ ላይ የተሠራ ኢሜጅ በነባሪ አርም ለሚባለው የቺፕ ዓይነት ነው። የደብረ ብርሃኑ ሰርቨር ግን የተለመደው ኢንቴል ነው። ኢሜጁ ቋንቋው ሌላ። ሻይ ጋበዙኝ፣ ጠጣሁ፣ በዚያው ዕለት ተመለስኩ።

ሁለተኛውን ጊዜ ቢሮ ሳለሁ «ዶከር ቢልድ ዳሽ ዳሽ ፕላትፎርም ሊኑክስ/ኤኤምዲ64» ብዬ ሠራሁት፤ ኤኤምዲ64 የኢንቴሉ ዓይነት ነው። ፖስትግሬሱንም በዚሁ ፕላትፎርም እንደገና «ፑል» አደረግሁት፤ እሱንም መጀመሪያ ያወረድኩት ለአርም ነበራ። ከዚያ «ዶከር ኢሜጅ ኢንስፔክት» እያልኩ ሦስቱም ላይ «አርኪቴክቸር» የሚለው መስመር ኤኤምዲ64 ማለቱን በዓይኔ አየሁ። «ሴቭ» ካደረግሁ በኋላ ፋይሉን አንድ የቆየ ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ «ሎድ» አድርጌ አስነሳሁት፤ ኢንተርኔቱን ነቅዬ፣ ልክ እዚያ እንደሚሆነው። ያኔም አንድ ጉድለት ወጣ። ከሦስቱ ኢሜጆች ውጪ አራተኛ አንድ ትንሽ ኢሜጅ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ተጠቅሷል፤ ኢንተርኔት ሲያጣ ቆመ። እሱንም ጨመርኩ።

ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ደርሼ 5 ሳይሞላ ሁሉም ተነስቶ ነበር። ለአይቲው ልጅ ሦስቱን ትዕዛዞች ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ «ፒኤስ ዳሽ ኤ»፣ «ሎግስ ዳሽ ዳሽ ቴል 100»፣ «ሲስተም ዲኤፍ»። «ዳውን» የሚለውን ጠየቀኝ፤ ጻፍኩለትና ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ያለ ዳሽ ቪ!» አልኩበት። ፍላሹን እዚያው ተውኩላቸው። ማሽኑ አንድ ቀን ቢሞትባቸው ኢሜጆቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው፤ «ሎድ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራቸው።